ስሟን የሚጠራ ሰው

በዚያ ክረምት ጦርነቱ ደጅ ድረስ መጣ። ከአዲ አርቃይ በኩል የሸሸ ሰው መንገዱን ሞላው። መብራት ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ ዝም አለ። ከተኩሱ የተረፈውን ገብስ በጥቅምት ውርጭ መታው። ባቄላው ከነአበባው ጠቆረ። ከብት ያለው ከብቱን ባገኘው ዋጋ ሸጠ፤ የሌለው ለዘር ያስቀመጠውን በላ። ከዚያ ተስቦ ገባ።

የአያ ዓለምብርሃን ልጅ ጽጌሬዳ በተስቦ ታመመች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አባቷ፣ ወንድሟ እንዳለውና ሁለት ጎረቤቶች በቃሬዛ አንሥተዋት ከዳባት ወደ ሐኪም ወጡ። መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ሲለምኑ ውለው ተመለሱ። በማግሥቱ ሞተች። ሰው እንዳይሰበሰብ ተብሎ ስለነበር የተሸከሟት አራቱ ሰዎች ራሳቸው ቀበሯት። ቄሱ ፍትሐቱን አሳጥረው ደገሙና ወደ ቤታቸው ተጣደፉ። እሪ ያለ ሰው አልነበረም። ሰልስት አልተቀመጡም፤ አርባዋም፣ ተዝካሯም አልወጣም።

በዚያ አገር ለቅሶ ብድር ነው። ሰው ሲሞትብህ የመጣልህን አትረሳውም፤ የቀረብህንም አትረሳውም። አያ ዓለምብርሃን ደግሞ የሰው ለቅሶ ቀርተው አያውቁም ነበር። ወንዝ ሞልቶ መንገደኛ ሲመለስ እሳቸው ልብሳቸውን በራሳቸው ላይ ተሸክመው ይሻገሩ ነበር። አገሩ ሁሉ ባለዕዳቸው ነው። ጽጌሬዳ ስትሞት ግን ሰዉ በየቤቱ ተደብቆ ነበር፤ ሰላም ሲሆንም እያንዳንዱ በራሱ ሬሳ ተያዘ። ከዚያ ጊዜው አለፈ። ለቅሶ ከዘገየ ያሳፍራል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ሲያይህ መንገድ ይቀይራል። አያ ዓለምብርሃን ጎረቤቶቻቸው መንገድ ሲቀይሩ አዩ።

በቤቱ ውስጥ ስሟ መጠራት ቀረ። እናቷ ወይዘሮ የሺወርቅ አላለቀሱም። ያበጥራሉ፣ ይነፋሉ፣ ያቦካሉ፤ አፋቸው አይከፈትም። ልጇን ቀብራ ያላለቀሰች እናት ምን እንደምትመስል ያየ ያውቃል፤ ያላየ አይየው።

እንዳለው ከእህቱ በሁለት ዓመት ይበልጣል። ትምህርቱን አሥረኛ ክፍል ላይ ትቶ ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ነበር። እህል ይመዝናል፣ ጆንያ ያወርዳል፣ ሲመሽ ዱቄቱን ከቅንድቡ አራግፎ ይገባል። ኔትወርክ ሲመለስ እንደ እኩዮቹ ስልኩ ላይ የተኩስ ጌም ጫነ። በጌሙ አራት ሰው አንድ ቡድን ይሆናል። ሰው የሌለበት ከተማ ውስጥ ይወርዳሉ፣ መሣሪያ ፈልገው ያነሣሉ፣ ከሌላ ቡድን ጋር ይታኮሳሉ። መጀመሪያ ላይ ወንድ ወይም ሴት ምረጥ ይላል። እኩዮቹ ሁሉ ትከሻው የሰፋ ወንድ መርጠው ነበር። እንዳለው ሴቷን ነካ። ፀጉሯን ወደ ኋላ አሰረላት። ስም ጻፍ ሲለው ጽጌሬዳ ብሎ ጻፈ።

እሑድ እሑድ ልጆቹ የሚሰበሰቡት ቻላቸው የሚባል ሰው ጋ ነው። ቻላቸው ስልክ ቻርጅ ያደርጋል፣ ጌም ያጫውታል፣ ሻይም ያፈላል። እንዳለው የሴቷን ምስል ይዞ ሲጫወት ያየ ጊዜ ቤቱን በሳቅ ሞላው።

«እሜቴ፣ ቀሚስዎን ሽቦ እንዳይዝብዎ» አለው።

«ቀጭን ናት፤ ጥይት ይስታታል» አለ እንዳለው ቀና ሳይል።

«እንግዲያው ለአንተም ባል እንፈልግልህ፤ ጥይት እንዲስትህ።»

ልጆቹ ተንከተከቱ። ቻላቸው ሊያበሽቀው ጎንበስ አለና ከሴቷ ራስ በላይ የተጻፈውን ስም አነበበ። ሳቁን ዋጠው። ብርጭቆ የሚያጥብ መስሎ ወደ ጓዳ ገባ። ከዚያ ቀን በኋላ በዳባት በዚህ ነገር የቀለደበት ሰው የለም። ስሟንም የጠራ የለም።

እንዳለው ቻላቸው ቤት መሄዱን ተወ። ወፍጮው ጥግ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ይጫወት ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከስልኩ ውስጥ አንድ የወንድ ድምፅ በአማርኛ፣ «ጽጌ ነይ፤ ከኋላሽ ሰው አለ» አለ። እንዳለው ስልኩን ጆንያው ላይ አስቀምጦ ወደ ውጭ ወጣ። ከግድግዳው ሥር ቆሞ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀ። እህቱን በስሟ የጠራ ሰው ከሰማ ብዙ ጊዜው ነበር። ለዚያውም እንደሞተ ሰው አልጠሯትም። ነይ ነው ያሏት።

እሱ ድምፁን አይከፍትም ነበር። መጀመሪያ የወፍጮው ሞተር ስለሚጮህ ነው፤ ኋላ ግን ድምፁ ሲወጣ ጽጌሬዳ እንደምትጠፋ ስለገባው ነው። የሚጽፈውን እሷን ሆኖ ይጽፍ ጀመር። መጣሁ፣ ደከመኝ፣ እናቴ ጠራችኝ። እሷ እንደምትለው፣ በአጭሩ።

ሴት ሆኖ መጠራት የቀለለ ነገር አይደለም። ይህን አያውቅም ነበር። የማያውቁት ወንዶች ፎቶ ላኪ ይሉታል። ቁጥርሽን ስጪ ይሉታል። እምቢ ሲላቸው አፋቸው ይበላሻል፤ ወንድ ለወንድ ቢባባለው ደም የሚያፈስ ነገር ይጽፉበታል። እንዳለው እያነበበ ፊቱ ይቀላል። ጽጌሬዳ ከገበያ ስትመለስ ዋናውን መንገድ ትታ በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ትዞር ነበር። መንገድ ታስረዝሚያለሽ፣ ሰነፍ ነሽ ይላት ነበር። እሷ ግን መዞሯን አልተወችም። አሁን ገባው፤ ሊነግራት ግን የለችም።

ከእነዚያ ሁሉ መካከል ደምለው የተለየ ነበር። የደባርቅ ልጅ ነው። ስሜን ተራሮች ለሚወጣ ቱሪስት በቅሎ ይጭናል፤ ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ በቅሎዎቹን ይዞ ጤፍና ጨው ያመላልሳል። ፎቶ ጠይቆ አያውቅም። በጌሙ የተመታ ሰው ወዲያው አይሞትም፤ በጉልበቱ እየዳኸ ጥቂት ይቆያል። ጓደኛው ደርሶ ካነሣው ይድናል፤ ካልደረሰለት ያልቃል። ሌሎቹ ጽጌሬዳ ስትወድቅ ጥለዋት ይሮጣሉ። ደምለው ከየትም ቢሆን ይመለሳል። «ቆይ፣ መጣሁ፤ አትንቀሳቀሺ» ይላል። በተኩስ መካከል ገብቶ ያነሣታል። አንዳንዴ አብረው ይሞታሉ፤ እሱ ግን መመለሱን አይተውም።

እንዳለው አንዳንድ ቀን ሆን ብሎ ጥይት ወዳለበት ያስገባት ጀመር። ስትወድቅ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ይጠብቃል። ደምለው ይመጣል። ቃሬዛ ይዘው ሲለምኑ የዋሉበትን መንገድ እያሰበ፣ ይህ ሰው ሲመጣ ያያል።

ከጨዋታው በኋላ ይጻጻፉ ነበር። ስለ ጉሙ፣ ስለ ወፍጮው፣ በቅሎዋ ስለ ነከሰችው ነጋዴ። እንዳለው የሚጽፈው ሁሉ እውነት ነበር፤ ከአንዱ ነገር በቀር።

ክረምትና በጋ እንዲህ አለፈ። በዐቢይ ጾም ደምለው የማን ልጅ ነሽ ብሎ ጠየቀ። በዚያ አገር የማን ልጅ ነህ ተብሎ የማይመልስ ሰው የለም፤ በአባቱ ስም የሚዋሽም የለም። የዓለምብርሃን ልጅ ነኝ ብሎ ጻፈ። ሌላ ቀን የአያቷን ስም ጠየቀ፤ ነገረው። የእናቷን አባት፣ የደብራቸውን ታቦት፣ ቅድመ አያቷ ከየት እንደመጡ ጠየቀ። አባቱ በልጅነቱ ያስቆጠሩትን የዘር ሐረግ እንዳለው አንድ በአንድ አወረደው፤ ኩራትም ተሰማው። ሰባት ቤት ደርሶ ሲያበቃ ደምለው፣ «አንዘማመድም፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ጻፈ።

እንዳለው መልእክቱን ደግሞ አነበበው። ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለአንድ ነገር ብቻ ነው።

ደምለው ጨመረበት። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እንደሚልክ፣ እሷን ያልጠየቃት ልጅቷን በቀጥታ መጠየቅ የጨዋ ሥራ ስላልሆነ እንደሆነ ጻፈ። እንዳለው አይሆንም ብሎ መለሰ። መልእክቱ አልሄደም። ኔትወርኩ በዚያ ቀን ተቋረጠ፤ ሳምንት አልፎም አልተመለሰ።

የደምለው ቤተሰብ ወጉን አልዘለለም። ዳባት ዘመድ ያለውን ጠርተው ስለ ዓለምብርሃን ጠየቁ። ጨዋ ቤት ነው፣ አጥንቱ ንጹሕ ነው ተባሉ። ልጅቱ በሕይወት አለች ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ ግን የለም።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ እንዳለው ከወፍጮ ቤቱ ፈቃድ ጠይቆ በሚኒባስ ደባርቅ ሄደ። እውነቱን ሊነግረው ቆርጦ ነው የሄደው። በመንገዱ ሁሉ የሚናገረውን ይለማመድ ነበር። ሦስት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቶ ነበር፤ እህቴ ሞታለች፣ እኔ ነኝ፣ ይቅር በለኝ። ሊመታው እንደሚችል ያውቃል። የሚፈራው ዱላውን አልነበረም። ነገሩ ዳባት ተሰምቶ አባቱ ጆሮ ቢገባ፣ የሞተች ልጃቸውን መጫወቻ አደረጋት መባልን ነው።

ደምለውን ከገበያው ዳር በቅሎ ሲያራግፍ አገኘው። አጭር፣ ፀሐይ ያቃጠለው ሰው ነበር፤ አንድ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። እንዳለው የጽጌሬዳ ወንድም ነኝ አለው። ከሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች የወጣው ይህ ብቻ ነበር፤ እሱም ከመካከላቸው አልነበረም።

ደምለው ባርኔጣውን አወለቀ። እጁን በሱሪው ጠርጎ ትከሻውን ሳመው። ጎትቶ ሻይ ቤት አስገባው፤ ወንበሩን በጋቢው ጫፍ አበሰለት። ዳቦ አስመጣ። ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወንድሟ እያለህ ከጀርባህ ሳወራት ነውር ሠርቻለሁ፤ ይቅር በለኝ አለው።

እንዳለው ሻዩን አየ።

«ደምለው፣ ሽማግሌ አትላክ።»

«ለምን? ታጭታለች?»

«አልታጨችም።»

«እኔን ንቃ ነው? ንገረኝ፤ አልቀየምም።»

«አይደለም።»

«ታማለች?»

እንዳለው ብርጭቆውን አዞረ። «ታማለች» አለ።

ደምለው ዳቦውን አስቀመጠ። ኔትወርክ ስለጠፋ አለመስማቱን፣ ሳያውቅ ያን ሁሉ ቀን መቀመጡን እያነሣ ራሱን ወቀሰ። ምን እንደሚያማት፣ ሐኪም አይቷት እንደሆነ ጠየቀ። እንዳለው በማይረባ መልስ አለፈው። በመጨረሻ ደምለው፣ «ከታመመችማ ሽማግሌው ቶሎ ነው የሚመጣው። የታመመ ሰው የሚደርስለት ይፈልጋል» አለ። ሸኝቶት ሚኒባስ ላይ ሲያወጣው ለእናትህ ብሎ አንድ ጣሳ ማር አስያዘው።

እንዳለው ማሩን መንገድ ላይ ለተሳፈረች አሮጊት ሰጣት። ቤቱ ይዞት መግባት አልቻለም። ለአባቱም ያን ማታ አልነገራቸው፤ በማግሥቱም አልነገራቸው። ነገ እላለሁ ሲል እሑድ ደረሰ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች አጥሩ በር ላይ ቆሙ። ነጭ ለብሰዋል፣ ዱላ ይዘዋል። አያ ዓለምብርሃን መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። ግቡ አሏቸው፤ ገቡ። ተቀመጡ አሏቸው፤ አልተቀመጡም። የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም አሉ። እንዳለው ከበሩ ምሰሶ ጋር ተጣበቀ። ከጓዳ እናቱ ዱቄት ሲነፉ ወንፊቱ ይሰማል።

ትልቁ ሽማግሌ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ይባላሉ። አያ ዓለምብርሃንን ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩና፣ «እርስዎን አውቅዎታለሁ። ወንድሜ በየዳ አገር የሞተ ጊዜ በዝናብ የመጡት እርስዎ ነዎት። የጫማዎ ሶል ተነቅሎ በገመድ አስረውት ነበር» አሉ።

«ሰው ሰውን ይቀብራል» አሉ አያ ዓለምብርሃን።

«ስምዎን ሳልጠይቅ ተለያየን። እስከዛሬ ይከነክነኛል። እንግዲህ እግዚአብሔር በደግ ነገር አገናኘን።» መሪጌታ ዱላቸውን አስተካክለው ያዙና ድምፃቸውን ለወጉ አነሡት። «ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን መጥተናል።»

አያ ዓለምብርሃን ወደ ጓዳው በር አዩ። «ልጅ የለኝም» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ፈገግ አሉ። እንዲህ ያለ መልስ የወጉ ነው። በመጀመሪያው ቀን ልጄን ውሰዱ የሚል አባት የለም።

«ልጅ የለኝም ያላለ አባት እስካሁን አላጋጠመንም» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ፤ ቀላ ያሉ፣ ተጫዋች ሰው ናቸው። «እኔም ለልጄ ጊዜ የለችም ብዬ ነበር፤ ይኸው አሁን አምስት ወልዳለች።»

«የለችኝም እላችኋለሁ።»

«ይሁን፤ እኛም እንመላለሳለን። ጫማ እስኪያልቅ ነው ሽምግልና። ያችን ጽጌሬዳን ሳንይዝ ግን አንቀርም።»

ወንፊቱ ቆመ።

ከሞተች ወዲህ ስሟ በዚያ ቤት ውስጥ ጮክ ተብሎ ሲጠራ ያ የመጀመሪያው ነበር። አያ ዓለምብርሃን ተነሡ። ሲነሡ ዱላቸውን አብረው አነሡ። ማን እንደላካቸው፣ ምን በድለው በእርጅናቸው እንደሚዘበትባቸው ጠየቁ። ሁለተኛው ሽማግሌ ግራ ገብቷቸው ወደ ኋላ አሉ። መሪጌታ ግን አልነቃነቁም። ዘበት እንዳይደለ፣ ልጁ ልጅቱን ዓመት ሙሉ በስልክ እንደሚያውቃት፣ የቸኮሉትም ታማለች ተብሎ እንደሆነ በቀስታ ተናገሩ።

«ታማለች ያለውስ ማን ነው?» አሉ አያ ዓለምብርሃን።

«ወንድሟ ነው። ደባርቅ ድረስ መጥቶ ነገረው።»

ሁሉም ወደ እንዳለው ዞሩ። እንዳለው ከምሰሶው ተላቀቀ። አባቱ ያን ዱላ በመሪጌታ ላይ ቢያነሡት፣ በቤታቸው ሽማግሌ የመታ ሰው ተብለው እስኪሞቱ እንደሚኖሩ ገባው። መሬቱን እያየ ተናገረ። ሦስቱንም ዓረፍተ ነገር ተናገረ። እህቱ ከሞተች ዓመታት እንዳለፉ፣ ጌሙ ውስጥ ያለችው ሴት ሥዕል እንደሆነች፣ የሚያንቀሳቅሳት እሱ እንደሆነ፣ ስሟን ከላይ የጻፈው እሱ እንደሆነ፣ ለደምለው ሲጽፍ የነበረው እሱ እንደሆነ። አልተቻኮለም፤ ምክንያትም አላበዛም።

ሁለተኛው ሽማግሌ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ደማቸው ፊታቸው ላይ ወጣ። ወንድ ልጅ ሴት ነኝ ብሎ የሰው ልጅ እንዲህ ያሞኛል ወይ፣ ደምለው እንግዲህ ደባርቅ ላይ በምን ፊቱ ይቆማል፣ ለዚህ ነገር ስንቱ ጠመንጃ አንሥቷል አሉ። የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበር።

አያ ዓለምብርሃን ግን የሽማግሌውን ቁጣ የሰሙ አይመስሉም ነበር። ልጃቸውን ያያሉ። ዱላው ወርዶ መሬት ነክቷል።

«እዚያ ምን ታደርግ ነበር?» አሉት።

«ማን፣ አባባ?»

«እሷ።»

እንዳለው ቀና አለ። «ትሮጥ ነበር።»

«ደኅና ነበረች?»

«ደኅና ነበረች። ስትወድቅም ያነሧት ነበር።»

«በስሟ ይጠሯታል?»

«ጽጌ ይሏታል።»

አያ ዓለምብርሃን መደቡ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። «እኔ አባቷ አልጠራኋትም» አሉ። «ሰው አልቅሶላት ቢሆን እጠራት ነበር።»

ሁለተኛው ሽማግሌ የደምለውን ነገር እንደገና ሊያነሡ ሲሉ መሪጌታ በእጃቸው አገዷቸው።

«የልጆቹን ነገር ኋላ እናየዋለን። አሁን የቆምነው ለቅሶ ቤት ውስጥ ነው» አሉ። ደህና ዋሉ ሳይሉ ዞረው ወጡ። ሁለቱም ተከተሏቸው። የአጥሩ በር ተዘጋ።

እንዳለው አባቱ ሰዎቹ ተቀይመው የሄዱ መስሏቸው እንደሆነ ከፊታቸው አየ። እሱም እንደዚያ መስሎት ነበር። ሽማግሌ ሳይሸኝ ከቤት ሲወጣ እርግማን ነው። ተከትሎ ይቅርታ ሊለምን ሁለት እርምጃ ተራመደ።

ያን ጊዜ ከአጥሩ ውጭ እሪታ ተሰማ። የወንድ ለቅሶ ነው፤ ከሩቅ የሚመጣ ለቀስተኛ መንደር ሲደርስ የሚያሰማው፣ የሟቹን ስም እየጠራ። መሪጌታ በዜማ የተገራ ድምፅ ነበራቸው፤ ጽጌሬዳ ሲሉ በሰፈሩ ሁሉ ተሰማ። በሩ ተከፈተ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው፣ ራሳቸውን ገልጠው እያለቀሱ ገቡ። ልጅ ሊለምኑ የገቡበትን ደጅ እንደ አዲስ መጪ ረገጡት። ተጫዋቹ ሽማግሌ ደረታቸውን እየመቱ ነበር።

ጎረቤት ወጣ። ምን ሆኑ ብሎ የሮጠው ስሙን ሲሰማ በሩ ላይ ቆመ። ዓመታት ያፈረ ሰው ሁሉ ያን ቀን መግቢያ አገኘ። ቃሬዛውን አብረው የተሸከሙት ሁለቱ ጎረቤቶች ቀድመው ገቡ። ከዚያ መንገድ ይቀይሩ የነበሩት ገቡ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ አንዳንዱ ገና ሳያለቅስ ይቅርታ እየጠየቀ። ቻላቸው ሱቁን ዘግቶ መጣ። ቅጥሩ ሞላ።

ወይዘሮ የሺወርቅ ከጓዳ ወጡ። እጃቸው እስከ ክንዳቸው ዱቄት ነበር። በሴቶቹ መካከል ቆመው ሰዉ የተሳሳተ ነገር እንዳደረገ ሁሉ አንድ በአንድ አዩት። ከዚያ ድምፃቸው ወጣ፤ ሸካራ፣ ለረጅም ጊዜ ያልተነገረበት ድምፅ፦

«ሽማግሌ መጣ፣ ልጄን ሊጠይቃት፤
አፈሩን አግብታ፣ ማን ሄዶ ይንገራት?»

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። እናቲቱ ደገሙት፤ ሦስተኛም አሉት። አያ ዓለምብርሃን ከመደቡ ተነሥተው ቆሙ። ለቀስተኛ ሲመጣ ባለሐዘን የሚቆምበት ቦታ አለ፤ እዚያ ቆሙ። እንባቸው በጢማቸው ይወርድ ነበር፤ አልጠረጉትም።

ደምለው በቻላቸው ሱቅ አጠገብ መልሱን ይጠብቅ ነበር። አዲስ ጃኬት ለብሷል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሄደው ነገሩት፤ ምን እንዳሉት እንዳለው አልሰማም። ደምለው ገባ። በሰዉ መካከል እግሩን እየጎተተ አልፎ እናቲቱ ፊት ተደፋ፤ አለቀሰ። ለታይታ አልነበረም። ሲያበቃ ተነሥቶ እንዳለው ፊት መጥቶ ቆመ። እንዳለው ቡጢውን ጠበቀ፤ ቢመታው ይሻለው ነበር።

«ስትወድቅ የተመለስኩት ለእሷ ነው» አለ ደምለው። «ላንተ አልነበረም።»

«አውቃለሁ» አለ እንዳለው።

ደምለው ዞረ። ከእሱ ራቅ ብሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶት፣ ከለቀስተኞቹ መካከል ተቀመጠ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ዞሮ አላየውም፤ ከዚያ ቀን በኋላም ቃል አልተለዋወጡም።

ንፍሮ የመጣው ከጎረቤት ነው። ሰው በላ፤ ውሃ ጠጣ። ስለ ጽጌሬዳ ይወራ ጀመር። አንዷ ሰነፍ ነበረች አለች፣ ሌላዋ አልነበረችም አለች፤ ሳቋን ያስታወሰ ነበር። ስሟ በቅጥሩ ውስጥ ከአፍ አፍ ይዞር ነበር፤ ማንም ድምፁን ዝቅ አላደረገም። እንዳለው ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ ሰማ። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር። ኔትወርክ ቢመለስም ከእንግዲህ እንደማይከፍተው ያውቅ ነበር፤ እዚያ የሚጠራት ሰው የለም።

የደባርቅ መኪና ሳይመሽ መሳፈር ስለነበረባቸው ሽማግሌዎቹ ተነሡ። አያ ዓለምብርሃን ባለሐዘን ከቦታው እንደማይንቀሳቀስ እያወቁ እስከ አጥሩ በር ሸኟቸው። መሪጌታ እጃቸውን ይዘው ብዙ ቆዩ።

«በየዳ ድረስ የመጡልኝን የምመልስበት መንገድ አጥቼ ቆይቼ ነበር» አሉ።

አያ ዓለምብርሃን ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። «የልጄን የጽጌሬዳን ለቅሶ ደረሳችሁልኝ» አሉ። ስሟን ሲሉ ድምፃቸው አልተሰበረም። «ብድራችሁ ገባ።»